ሳትሞቅ አታጥፊያት

ጥር 9 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ካሳደርኩት ድፍረቱ ይጠፋኛል። ባለፈው ደብዳቤዬ «ሰውየው አልነበሩም» ያልኩህ ውሸት ነው። ነበሩ። ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ ከበራቸው ተመለስኩ። አንደኛውን ቀን እንዲያውም ጎንበስ ብለው ሰዓት ሲፈቱ በመስኮቱ እያየኋቸው ነው የተመለስኩት። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም ነበር። «የሚሸጡትን መኪና ልይ» ልበል? እኔን ያየ ሰው ብስክሌት እንኳ ትገዛለች ብሎ አይጠረጥርም።

አሁን እንደምን ሰነበትክ። እኛ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል፤ አትጻፊለት ብላኛለች፤ እንዳልጻፍኩልህ ቁጠረው። ሥራውን ስለጠየቅከኝ፣ አዎ፣ እዚያው ጋራዥ ነኝ። ከመለዋወጫው መስኮት ኋላ ተቀምጬ ብሎን እሰጣለሁ፤ የመኪና ቁልፎች ላይ የባለቤቱን ስም ጽፌ እሰቅላለሁ፤ ሰው ሲጎድል ሞተር የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ እጠርጋለሁ። አለቃ «ድምፅሽን ከሰማሁ ወር ሆነኝ» ይለኛል። ማታ ቤት ስገባ እግሬ እንጨት ይሆናል። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል በመተውሽ ትጸጸቻለሽ ወይ ላልከው፣ አንዳንድ ቀን ብቻ።

ወደ መኪናዋ ልመለስ። በሦስተኛው ጊዜ በሩን ያንኳኳሁት እኔ አይደለሁም። ሰዓት ሠሪው ራሳቸው ከፈቱት።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ዘበኛ አልቀጠርኩም» አሉኝ። «ሰሞኑን በሬ ላይ የምትቆሚው አንቺ ነሽ?»

ወንድሜ ልኮኝ ነው አልኳቸው። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሱቃቸው ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ሰዓት ነው፤ አንዱ ካንዱ አይስማማም። እያየሁ መገረሜን አውቀው «ታመው የመጡ ናቸው፤ እንዳታምኛቸው» አሉኝ። ግራ ዓይናቸው ደመና ለብሷል። መኪናዋን የሚሸጡት ለዚያ ነው፤ ሐኪም እንዳይነዱ ከልክሏቸዋል። እሳቸው ግን ሐኪሙን አይወቅሱትም። «ሰውየው ልክ ነው፤ ባለፈው ዓመት የራሴን አጥር ገጭቻለሁ» አሉ።

መኪናዋ ከሱቁ ጀርባ ግራጫ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ቀይ ናት፤ ጣራዋን ግን ፀሐይ በልቶት ወደ ብርቱካን ሄዷል። ዝገት ጠይቀኸኛል። በሾፌሩ በር ሥር መዳፍ የምታህል አለች፤ ሌላ አላየሁም። የኋላ ጎማዎቿ ልሰዋል። ስትገባባት መሬት ላይ የተቀመጥክ ይመስልሃል። የኋላ ወንበር አላት ይባላል፤ የሚቀመጥበት ሰው ግን እግሩን ቤቱ ትቶ መምጣት አለበት። እማዬን የት እንደምናስቀምጣት እንጃ።

«ወንድምሽ ከዚህ በፊት ሮታሪ ሞተር ያላት መኪና ነድቷል?» አሉኝ።

«አልነዳም።»

«ታዲያ ምን ነድቷል?»

«የሰው መኪና።»

ሳቁ። «የሰው መኪና ምን ዓይነት ነው?»

«የድርጅት ፒካፕ።»

«እንግዲያው ለእሷ አዲስ ነው» አሉ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው አስረዱኝ። በሌላው መኪና ሞተር ውስጥ ያለው ብረት ሲወጣ ሲወርድ ነው የሚውለው። በእሷ ውስጥ ያለው ግን ይዞራል። ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ጫፎቹ ላይ ቀጫጭን ብረቶች ተሰክተዋል፤ እነሱ ካለቁ ሞተሩ አለቀ ማለት ነው። «ዕድሜዬን የፈጀሁት በሰዓት ነው፤ የሚዞር ነገር ይገባኛል። ለዚህ ነው የገዛኋት» አሉኝ።

ለአንተ እንድነግርህ ያሉኝ ይህን ነው። ቤንዚን በሞላህ ቁጥር ዘይቷን እይ፤ እየበላች ነው የምትሄደው፤ ተፈጥሮዋ ነው፣ በሽታ አይደለም። ሳትሞቅ አታስጩሃት። ሦስተኛውን ግን ጣቴን ይዘው ነው የነገሩኝ።

«አንዴ ካስነሳት እስክትሞቅ አያጥፋት። አምስት እርምጃ ሊያስጠጋት ቢሆን እንኳ። ቀዝቃዛ እንዳለች ከጠፋች ያልነደደው ቤንዚን ውስጧ ይቀርና ያንቃታል። ከዚያ በኋላ እምቢ ካለች እምቢ ናት። እንደ አራስ ያዟት።»

«እስከ ስንት ደቂቃ?» አልኳቸው። የራሴን ድምፅ ሰምቼ ደነገጥኩ።

«የሙቀት መርፌዋ መሃል እስክትደርስ። ደቂቃ አትቁጠሪ፤ እሷን እያት።»

አለቃ እንዲመረምራት በሰው አስነድተው ጋራዥ ድረስ ያመጧታል። እሱ ካያት በኋላ እጽፍልሃለሁ። እማዬ ሐሳብህን ሰምታ «ሁለት ሰው የምትጭን መኪና ለማን ትሆናለች?» አለችኝ። ዛሬ ከዚህ በላይ ቃል የለኝም።

እህትህ

ጥር 25 ቀን

ለጭጬ፣

ወረቀቱ ጠርዙ ላይ የጠቆረው በእጄ ነው። የውሃ ቦቴው ሹፌር ደብዳቤሽን ሲያቀብለኝ ብየዳ ላይ ነበርኩ፤ እስክታጠብ አልጠበቅኩም። እሱ ነገ ተመላሽ ስለሆነ መልሱንም እንዲሁ እየጻፍኩ ነው።

ውሸትሽን ይቅር ብያለሁ። እኔም አንድ አለኝ። ወገቤ ተሽሎኛል ያልኩሽ አልተሻለኝም። ለእማዬ አትንገሪያት። እንግዲህ አንድ ለአንድ ነን።

እዚህ ሁሉም አዋቂ ሆኖብኛል። አብሮኝ የሚያድረው ቀለም ቀቢ «ዘይት የምትበላ መኪና ከምትገዛ ሚስት አግባ፤ እሷም ትበላለች፣ ግን ታወራሃለች» ይለኛል። ጭጬን የመሰለች እህት ይዤ ወሬ የት ለምጄ አልኩት። ምግብ አብሳዩ ደግሞ ለጀማሪ የሚሆነው አሮጌ ፒካፕ ነው ይላል። ልክ ሳይሆን አይቀርም። ስለ እሷ የማውቀው ድምፅዋን ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በሰዓት ሠሪው ሱቅ በኩል ነበር የማልፈው። ሳትታይ ትሰማለች፤ ካለፈችም በኋላ ትሰማለች። እንደ ሌላው መኪና አትንጓጓም፤ እንደ ንብ ነው። አንድ ቀን እሷን ስሰማ ቆሜ አርፍጄ ተገርፌያለሁ።

አሁን የምጽፍልሽ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር። ውሌ በዚህ መጋቢት ያልቃል። ጽሕፈት ቤቱ ለሌላ ሁለት ዓመት የምፈርምበት ቅጽ ሰጥቶኛል፤ እስከ መጋቢት 10 መልስ ይፈልጋል። መኪናዋ ደህና ከሆነች ገዝቼያት ወደ ቤት እመጣለሁ፤ እዚያው ሥራ እፈልጋለሁ። ካልሆነች እፈርማለሁ። ሰው በመኪና ምክንያት ነው ወይ ቤቱ የሚመጣው ትይኝ ይሆናል። አምስት ዓመት ብረት ከብረት ሳጣብቅ ኖሬ ባዶ እጄን በሩ ላይ መቆም አልችልም። የላክሁት ለአባባ ሕክምናና ለጣሪያው ሄደ፤ ይሁን፣ አልጸጸትም። ግን ጣሪያ አይነዳም። ለራሴ አንድ ነገር ብቻ አምሮኛል። ደክሞኛል፣ ጭጬ። ጠዋት የምነሳው ደክሞኝ ነው።

አለቃሽ ይያት። አንቺም እያት። የማትናገሪውን ያህል እንደምታዪ አውቃለሁ። ከዚያ አዎ ወይም አይ በይኝ። ያልሽኝን አደርጋለሁ።

ወንድምሽ

የካቲት 10 ቀን

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ? ቀለም ቀቢውስ ደህና ነው? ምግብ አብሳዩንም ሰላም በልልኝ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ትንሽ ተሽሏታል። ጣሪያው ዝናብ አላስገባም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሰላም ብላሃለች። ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ደብዳቤህን አራት ጊዜ ስላነበብኩት ነው። ስለ ቅጹ ለማንም አልተናገርኩም።

እንግዲህ መኪናዋ። ማክሰኞ ጠዋት መጣች። ሰዓት ሠሪው ከወንድማቸው ልጅ ጋር ሆነው፣ እሱ እየነዳ፣ ቀስ ብለው አመጧት። ድምፅዋን ሰማሁት። ያልከው እውነት ነው፤ ንብ ነው። ሠራተኞቹ ሁሉ የያዙትን ጥለው ወጡ። ቦታ ስላልነበረ በሩ አጠገብ አቆሟት። አለቃ በዚያን ቀን ሥራ በዝቶበት ነገ አያታለሁ አለ።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ላሜራ የጫነ መኪና መጥቶ ነበር። ሁሉም ምሳ ወጥተው ስለነበር ብቻዬን ተረከብኩ። ያ ቀን በጣም አደከመኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አለቃ ሊያስነሳት ሲል እምቢ አለች። ደጋገመ፤ ባትሪው አለቀ። ሌላ ባትሪ አምጥቶ ደጋገመ። በመጨረሻ አራቱንም ካንዴላ አስፈትቶ የሞተሩን ግፊት ለካው። የመለኪያው መርፌ ከቦታዋ የተነሳችም አይመስልም ነበር። «ሞታለች» አለ። «የጫፎቹ ብረቶች አልቀዋል። ትናንት በእግዜር ቸርነት ነው የመጣችው።» ካንዴላዎቹን እኔ ጠርጌ መለስኳቸው።

ሐሙስ ሰዓት ሠሪውን አስጠርቶ ነገራቸው። እሳቸው አንድ ነገር ጠየቁ፤ አለቃ መለሰላቸው። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው የተጋደመ ጎማ ላይ ተቀመጡ። «እንግዲያው ጊዜዋ ደርሶ ነው፤ ስጠብቀው ነበር» አሉ። ሊሄዱ ሲሉ በመስኮቴ በኩል አልፈው «ወንድምሽን ይቅርታ በይልኝ፤ እያወቅኩ የሞተ ነገር ልሸጥለት አልነበረም» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

ለእማዬ ስነግራት «ተገላገለ» አለች። ቅጹን ስለማታውቅ ነው።

አዎ ወይም አይ በይኝ ላልከው፣ አለቃ አይ ብሏል።

ሌላም የምጽፈው ነበረኝ። ግን አሁን ደክሞኛል፤ ወረቀቱም አልቋል።

እህትህ

የካቲት 24 ቀን

ለጭጬ፣

ደህና። አልተጻፈልኝም ማለት ነው።

አትዘኚ። እኔም ያን ያህል አላዘንኩም፤ ለማዘንም ጉልበት ይጠይቃል። ቀለም ቀቢው ሰምቶ «በል ሚስት» አለኝ፤ ከዚያ ፊቴን አይቶ ሻይ ቀዳልኝ። ለሰዓት ሠሪው አይዞዎት በይልኝ። ይቅርታ የሚያስጠይቃቸው ነገር የለም። ልጅ ሆኜ በነጻ ያሰሙኝ ይበቃል።

ቅጹን ሞልቼዋለሁ፤ የቀረው ፊርማው ነው። በ10 አስገባዋለሁ። ቦቴው ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ የምትጽፊው ካለሽ በእሱ ላኪው። ለእማዬ ውሉ መራዘሙን እኔው በራሴ እጅ እጽፍላታለሁ። አንቺ እንዳትሸከሚው። ሁለት ዓመት ብዙ አይደለም፤ አምስቱም አልፏል።

አንድ ነገር ብቻ። አለቃሽ አይ ብሏል አልሽኝ። አንቺ ምን እንዳልሽ አልጻፍሽም። ወረቀቱም አላለቀም ነበር፤ ከታች አራት ጣት ያህል ባዶ ትተሻል። ልቆጣሽ አይደለም። እንዲሁ ዓይኔ ገብቶ ነው።

ወንድምሽ

መጋቢት 3 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

ይህን የምጽፈው ጋራዥ ውስጥ በምሳ ሰዓት ነው። ሁሉም ወጥተዋል። ልክ እንደዚያ ቀን ብቻዬን ነኝ። መኪናዋ ከመስኮቴ ፊት ለፊት አቧራ ለብሳ ቆማለች፤ አንድ ሰው ኮፈኗ ላይ በጣቱ «እጠቡኝ» ብሎ ጽፎባታል። የቁራጭ ብረት ነጋዴው ከነገ ወዲያ ሊጭናት ይመጣል። ሰዓት ሠሪው እሺ ብለዋል።

ባዶውን ቦታ ስላየህብኝ ተቆጥቼህ ነበር። ከዚያ አለቀስኩ። አሁን ልጻፈው።

መኪናዋን ያጠፋኋት እኔ ነኝ።

ረቡዕ ላሜራ የጫነው መኪና ሲመጣ እሷ በሩ ላይ ነበረች። ሹፌሩ ክላክሱን ጭኖ አለቀቀም። «አንቺ ልጅት፣ ይቺን ጥንዚዛ አንሺልኝ እንጂ፤ እዚህ ልደር እንዴ?» አለኝ። ቁልፏ ከኋላዬ ተሰቅሏል፤ ስሙን የጻፍኩበት እኔው ነኝ። ግቢ ውስጥ መኪና ማስጠጋት አውቃለሁ፤ እያየሁ ነው የተማርኩት። «እስክትሞቅ ጠብቀኝ» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። የማላውቀው ሰው እየጮኸብኝ ሁለት ቃል ማውጣት አቃተኝ። ገብቼ አስነሳኋት። እውነቱን ልንገርህ፣ ከእግሬ ሥር ስትነሳ ደስ አለኝ፤ ለዚያች ትንሽ ጊዜ አንተን ሆንኩ። አሥር እርምጃ ያህል ወደ ጎን ወሰድኳት። ሹፌሩ «ነይ ተረከቢኝ፣ እቸኩላለሁ» ብሎ ሲጠራኝ አጠፋኋት። ቁልፉን ስመዝዝ ነው የሰዓት ሠሪው እጅ ጣቴ ላይ የተሰማኝ። መልሼ ላስነሳት ፈራሁ። ወርጄ ላሜራ ቆጠርኩ።

ሐሙስ ዕለት ሰዓት ሠሪው የጠየቁት ምን እንደሆነ አልጻፍኩልህም። «ሳትሞቅ ያጠፋት ሰው አለ?» ነው ያሉት። አለቃ «ማንም አልነካትም» አላቸው። ያመነውን ነው የተናገረው። አንድም ሰው ዞሮ እኔን አላየኝም። ሰው ስለማያየኝ ነበር ይህን ሥራ የወደድኩት። በዚያን ሰዓት ግን አንድ ሰው እንኳ ቢያየኝ ተናግሬ ነበር። ሰዓት ሠሪው አዎ ቢባሉ ኖሮ የታነቀች ሞተር እንዴት እንደምትነሳ ያውቃሉ። ማንም አልነካትም ሲባሉ ነው ጊዜዋ ደርሷል ያሉት። መኪናዋን የቀበርናት እኔና ዝምታዬ ነን።

ካንዴላዎቹን ስጠርግ አራቱም ርሰው ነበር፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸቱ ነበር። በእጄ ይዤ አሸተትኳቸው። አወቅኩ። ጠርጌ መለስኳቸውና ቁጭ አልኩ። ወሩን ሙሉ ያደከመኝ ያ ነው እንጂ ሥራው አይደለም። ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። አለቃም በሰው ፊት ያፍርብኛል ብዬ ፈራሁ። እማዬ ተገላገለ ስትል ደግሞ ይሁን አልኩ፤ ከእንግዲህ ማንም አይጠይቀኝም አልኩ። አንተ ጠየቅከኝ።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህ ነው። አንተ ለእሷ አዲስ ነህ። ቤንዚኗ ያስመርርሃል። ደክሞህ የገባህ ቀን ዘይቷን ማየት ትረሳለህ። ችኮላ ይይዝህና ሳትሞቅ ታስጮሃታለህ። እኔ ሕጉን በቃሌ ይዤው ነው የተሳሳትኩት፤ አንተ የምትሳሳተው ብዙ ነው። ምግብ አብሳዩ ስለ ፒካፑ ያለው ልክ ነው። ይህን ሁሉ አውቄ ሳስበው፣ ከተነሳች ግዛት እልሃለሁ። ስትሳሳት የሚያሳይህ ሰው እዚህ አለ፤ ሰዓት ሠሪው መንዳት ነው የተከለከሉት እንጂ ማስተማር አልተከለከሉም። ዘይቷን እኔ አይልሃለሁ።

ካልተነሳችም ና። በሩ ላይ ባዶ እጅህን የምትቆም ይመስልሃል። ጣሪያውን እኮ አንተ ነህ ያቆምከው፤ አንተ ብቻ ነህ ገና ያላየኸው። ዝናብ ሲመታው እማዬ ሁልጊዜ ቀና ብላ ታየዋለች። ምን እንደምታይ አትናገርም፤ እኔ በእሷ ነው የወጣሁት።

ነገ ጠዋት ጋራዡ ከመከፈቱ በፊት ወደ ሰዓት ሠሪው እሄዳለሁ። እስኪከፍቱልኝ አልቆምም፤ አንኳኳለሁ። ያጠፋኋት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። እሺ ካሉኝ ይዣቸው እመጣለሁ። ለአለቃም ሠራተኞቹ ባሉበት እነግረዋለሁ፤ ከሥራ ቢያስወጣኝ መጀመሪያ ካንዴላዎቹን ፈትቼ ልውጣ እለዋለሁ። አራቱንም አደርቃለሁ። እሳቸው እያዩኝ በካንዴላዎቹ ቀዳዳ ጥቂት ዘይት አንጠባጥባለሁ፤ ግፊት ያሳጣት ቤንዚኑ ከጫፎቹ ብረቶች ላይ ዘይቱን አጥቦ መውሰዱ ከሆነ፣ እሱን ለመመለስ ነው። የተሞላ ባትሪ ከመደርደሪያው አወርዳለሁ።

ቦቴው ነገ በአሥር ሰዓት ይነሳል። ይህን ደብዳቤ እስከዚያ አላሽገውም። ከታች አራት ጣት ያህል ትቻለሁ፤ አዎ ወይም አይ እዚያ ላይ እጽፍልሃለሁ፤ በራሴ ቃል።

ከተነሳች ደግሞ የሙቀት መርፌዋ መሃል እስክትደርስ ከመሪው አልወርድም። በሩ ላይ የፈለገው መኪና መጥቶ ክላክሱን ይጫን፣ አላጠፋትም።